ከልጆቻችሁና ከወላጆቻችሁ ጋር ወደ ባሕሩ ዳር ውጡ

ይድረስ በነታኒያ፣ በኤሜክ ሔፈርና በአካባቢው ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና አያቶች፤ እንዲሁም የልጆቻችንን ጊዜ በአደራ ለያዛችሁ የማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል) ኃላፊዎችና መምህራን፤



ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። ልጆቻችሁንና ወላጆቻችሁን አንድ ላይ ይዛችሁ በእግር ወደ ባሕሩ ዳር ውጡ፤ ከባሕሩም አልፋችሁ ወደ ሜዳውና ወደ ወንዙ ሂዱ። የምለምናችሁ ለአንድ ቀን ሽርሽር አይደለም፤ የቤታችሁ ልማድ እንዲሆን ነው። ሦስቱም ትውልድ አብሮ ይሂድ ብዬ አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝና ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ነታኒያ በ1929 በፈረንጅ አቆጣጠር ባሕሩን ተጠግታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬ በአገሪቱ ካሉት የማኅበረሰባችን ትልልቅ መኖሪያዎች አንዷ ሆናለች። ሄፍጺባን የመሳሰሉት ሰፈሮቻችን ግን ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብለው ነው ያሉት። ርቀቱ ያን ያህል አይደለም። ሆኖም በየቤቱ ብትጠይቁ ልጁ ባሕሩን የሚያውቀው በትምህርት ቤት ጉብኝት ወይም በበጋው ዕረፍት ከጓደኞቹ ጋር ሲዋኝ ነው፤ አያቱ ደግሞ ሐኪም ቤት ሲሄዱ በአውቶቡስ መስኮት አይተውት ያልፋሉ። ሁለቱ አብረው አይተውት አያውቁም።

አያትና የልጅ ልጅ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። «በላህ ወይ?» «በላሁ።» «ትምህርትስ?» «ቤሴደር።» ከዚያ ልጁ ወደ ስልኩ፣ እሳቸው ወደ ቴሌቪዥኑ። ፍቅር ጠፍቶ አይደለም። ልጁ የሚያስበው በዕብራይስጥ ነው፤ እሳቸው የሚያስቡት በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው፤ ሁለቱም እኩል የሚያዩትና የሚነጋገሩበት ነገር ደግሞ በመካከላቸው የለም። ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን መንገዱ ራሱ ወሬ ያቀብላል። ልጁ አንድ ነገር አንሥቶ ይጠይቃል፤ አያት ካዩትና ከኖሩት ያመጡለታል። የአማርኛው ቃል ቢጠፋው በእጁ ያሳያል፤ የዕብራይስጡ ቢጠፋቸው እሳቸውም እንዲሁ። ዝም ቢባባሉም ዝምታው በመንገድ ላይ አይከብድም።

«ያለ ጉዳይ በእግር መሄድ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አዛውንት ብዙ ናቸው። ይህን የሚሉትን አከብራቸዋለሁ፤ የእኛ ሰዎች እግር ብዙ አይቷል። ከወገራ፣ ከሰሜን፣ ከወልቃይት፣ ከደንቢያ ተነሥተው፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት እየተጓዙ ሱዳን የገቡት በእግራቸው ነው። በ1984 መጨረሻ የተጀመረው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎችን ወደዚህ አመጣ፤ በዚያ ዘመን በመንገድና በሱዳን ካምፖች የቀሩት ወገኖቻችን ደግሞ ወደ 4,000 ይጠጋሉ። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። ልጁን አዝሎ ያንን መንገድ የሄደ ሰው፣ እግር መንገድን መዝናኛ አድርጎ ባይቆጥር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ከዚያ ጉዞ በፊትም እግር ነበረን። ወደ ገበያ፣ ወደ ዘመድ፣ ውኃ ለመቅዳት ወደ ወንዝ፣ ከብት ይዞ ወደ ግጦሽ፣ በስግድ ቀን ጾሞ ወደ ተራራው። ያ አካሄድ ሳቅ ነበረበት፣ ሐሜት ነበረበት፣ ዘፈን ነበረበት፤ እረኛ ወፍ የሚለየውና ልጅ የዛፍ ስም የሚማረው በእሱ ነበር። እንመልሰው የምለው ይህንን ነው። እናቴ እምቢ ስትለኝ ቆይታ ነጠላዋን ያነሣችው ይህን ስነግራት ነው።

ሌላም እግራችንን የሚይዝ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ አፍ አውጥተን አንናገረውም። ባሕሩ ዳር የሌላ ሰው ሰፈር ነው የሚል ስሜት ነው። ሆቴሎቹ፣ ውድ ፎቆቹ፣ ቡና ቤቶቹ ተደርድረው ሲታዩ፣ አንድ ነገር ካልገዛሁ ማን ያስቀምጠኛል ያሰኛሉ። ወጣቶቻችን ሳይቀሩ «እዚያ የእኛ ቦታ አይደለም» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አዝኛለሁም። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በ2004 የወጣው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ጥበቃ ሕግ ከውኃው ጠርዝ ወደ የብስ 300 ሜትር ድረስ ያለውን ምድር በጥበቃ ሥር አድርጎታል። ለውኃው በሚቀርበው 100 ሜትር ላይ፣ ከተወሰኑ ጉዳዮች በቀር፣ መገንባት ክልክል ነው። በባሕሩ ዳር ማለፍም የሕዝብ ሁሉ መብት ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በዚያ አሸዋ ላይ ለመሄድ የማንም እንግዳ አይደሉም።

ከቀላሉ ልጀምር። ኪካር ሃአጽማኡት ከሚባለው የመሀል ከተማው አደባባይ ስትደርሱ ባሕሩ ከፊታችሁ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም በገደሉ አናት ላይ የተነጠፈ መንገድ አለ፤ ታየሌት የሚሉት። የሕፃን ጋሪ ያለ ችግር ይሄድበታል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሣር አለ፤ ልጅ የሚጫወትበት ቦታ አለ። ወደ ደቡብ ስትሄዱ ሲሮኒት ከሚባለው የመዋኛ ዳርቻ በላይ፣ ከገደሉ አናት ወደ አሸዋው የሚያወርድ የሕዝብ ሊፍት ታገኛላችሁ። ደረጃ መውረድ የማይችሉ እናት፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ አባት በዚያ ወርደው እግራቸውን ውኃ ማስነካት ይችላሉ። ይህን የማያውቁ ብዙ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል፤ «እማዬ ደረጃውን አትችልም» ብለው ባሕሩን ከላይ አሳይተው ብቻ የሚመልሷቸው።

ስለ ገደሉ አደራ የምለው አለኝ። ገደሉ ኩርካር ከሚባል ድንጋይ ነው፤ የጥንት አሸዋ በኖራ ተጣብቆ የጠነከረ ማለት ነው። ቢጠነክርም በጣት የሚፈረፈር ቦታ አለው። ከሥሩ ሞገድ ይበላዋል፣ ከላይ ዝናብ ያለሰልሰዋል፤ በየዝናቡ ወራት ከነታኒያ ገደሎች እየተናደ የሚወርድ አለ። ስለዚህ ከላይ ስትሄዱ አጥሩን አትሻገሩ፤ ከታች ስትሄዱ ጥላ አገኘን ብላችሁ ከገደሉ ሥር አትቀመጡ። ማስጠንቀቂያው በዕብራይስጥ ተጽፎ ታያላችሁ፤ ማንበብ ለማይችሉት ልጁ ያንብብላቸው። ልጅ ለአያቱ ማንበብ ያስደስተዋል።

አሸዋው ላይ ስትደርሱ ልጁን አንድ እፍኝ ይዝገን በሉት፤ ከዚያ ከየት እንደመጣ ንገሩት። ከጋዛ እስከ ሐይፋ ያለው የዚህ ባሕር ዳር አሸዋ በአብዛኛው ዓባይ ያመጣው ነው። ዓባይ በግብፅ በኩል ወደ ባሕሩ ሲገባ የተሸከመውን ይጥል ነበር፤ የባሕሩ ጅረትና ሞገድ ደግሞ በዘመናት ብዛት ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን እየገፋ በዚህ ዳርቻ አከማቸው። ዓባይ ከሚሸከመው ደለል አብዛኛውን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በጥቁር ዓባይና ወደ አትባራ በሚገባው በተከዜ በኩል። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡባቸው፣ አባቶቻችን ከብት ያጠጡባቸው ወንዞች ሁሉ መጨረሻቸው ይኸው ውኃ ነበር፤ መገጭ ወደ ጣና ይገባል፣ ከጣናም ዓባይ ይወጣል። ለአንዲት የተከዜ አካባቢ አዛውንት ይህን ስነግራቸው ጎንበስ ብለው አሸዋውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ለልጅ ልጃቸው ስለ ተከዜ ሙላትና በገመድ ተያይዘው ስለተሻገሩበት ቀን ማውራት ጀመሩ። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ተከዜ የሚባል ወንዝ መኖሩን አያውቅም ነበር።

አካባቢውን የሚያቋርጥ አንድ ረጅም መንገድም አለ። ሽቪል እስራኤል ይባላል። በ1995 የተመረቀ፣ ከሰሜን ከዳን እስከ ደቡብ ኤላት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ የእግር መንገድ ነው፤ በሳሮን በኩል ሲያልፍ ባሕሩን ይዞ ነው የሚወርደው። ሙሉውን ሂዱ አልላችሁም። ምልክቱ በድንጋይና በምሰሶ ላይ የተቀባ ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ መስመር ነው፤ ልጆች ምልክቱን ቀድሞ ለማየት ሲሽቀዳደሙ ኪሎ ሜትሩ ሳይታወቃቸው ያልቃል። ድካም የሚያበዛ ልጅ ላላቸው ወላጆች ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላውቅም።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልምጣ። በነታኒያ ደቡብ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ለአንድ አበባ ተብሎ የተጠበቀ የተፈጥሮ ስፍራ አለ። አበባው አይሪስ አርጋማን ይባላል፤ መልኩ ጥቁር እስኪመስል የጠቆረ ወይን ጠጅ ነው። በዓለም ላይ ከዚህ ከእስራኤል ባሕር ዳር ሜዳ በቀር በቅሎ የሚገኝበት ቦታ የለም፤ ሜዳው ደግሞ ከተማ እየሆነ በመሄዱ የቀረለት ቦታ ጥቂት ነው። የሚያብበው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ገደማ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ጠዋት ሂዱ፤ ከነፋሱም ከሰዉም ቅደሙ።

ልጆችን የሚያስገርመው የአበባውና የንቡ ነገር ነው። ይህ አበባ ለንብ የሚሰጠው የአበባ ማር የለውም። የሚሰጠው ማደሪያ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ የአንድ ዓይነት ንብ ወንዶች አመሻሽ ላይ እየመጡ በአበባው ውስጥ ይገባሉ፤ ሌሊቱን እዚያ ተጠልለው ያድራሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የጠቆረው አበባ ቶሎ ይሞቃል፤ ንቡም ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞቅና ይወጣል። ማታ ማደሪያ ፍለጋ ከአበባ አበባ ሲዘዋወር ዱቄቱን ያዳርሳል። አንዲት ትንሽ ልጅ ይህን ሰምታ በየአበባው ጎንበስ እያለች «ተነሥቷል? ተነሥቷል?» እያለች ስትጠይቅ ሰምቻለሁ።

አበባውን አትቅጠፉ፤ ከተሠራው መሄጃም አትውጡ፤ ሥረ ግንዱ ከመሬት በታች ነውና ስትረግጡት አታዩትም። በዚህ አገር የሜዳ አበባ አለመቅጠፍ ዱሮ ልማድ አልነበረም። በ1960ዎቹ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩና መንግሥት ባደረጉት ዘመቻ፣ በየትምህርት ቤቱ በተሰቀለ የአበባ ሥዕል ጭምር፣ ነው ሕዝቡ እጁን የሰበሰበው፤ ልጆች ወላጆቻቸውን እየተቆጡ አስተዉ ይባላል። የእኛ ልጆችም አያቶቻቸውን በአክብሮት ይምከሩ። ከአበባው ስፍራ ብዙ ሳይርቅ ዶራ የሚባለው የዝናብ ኩሬ አለ፤ በዝናብ ወራት ይሞላል፣ በበጋ ይደርቃል። በየካቲት ልጁ ገና እግር ያላበቀለችውን የእንቁራሪት ልጅ የሚያይበት ነው። እኔ የአበባው ሰው ስለሆንሁ ነው መሰለኝ ኩሬውን ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ፤ ልጆች ግን ከዚያ አይነሡም።

ከከተማ ወጣ ለማለት ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤሜክ ሔፈር መሄድ ነው። የአሌክሳንደር ወንዝ ሜዳውን አቋርጦ በቤት ያናይና በሚኽሞሬት መካከል ወደ ባሕሩ ይገባል። በወንዙ ዳር የተስተካከለ መሄጃ አለ፤ የኤሊዎች ድልድይ የሚባለው ቦታ ላይ ስትቆሙም ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ታያላችሁ። እነዚህ ኤሊዎች የዓባይ ኤሊ ናቸው፤ በዓባይና በሌሎች የአፍሪካ ወንዞች የሚኖረው ዝርያ ነው። ጀርባቸው እንደ ሌላ ኤሊ ድንጋይማ አይደለም፤ ቆዳ ለበስ ነው፤ አፍንጫቸው ሹል ሆኖ ከውኃው በላይ ብቅ ይላል። ትልልቆቹ ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፣ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። በ1991 እና 1992 መካከል በነበረው ዝናብ የወረደው ጎርፍ ብዙዎቹን ወደ ባሕር ጠራርጓቸው ነበር። ወንዙም ለዓመታት በፍሳሽ የቆሸሸ ነበር። ከዚያ ጀምሮ በተደረገው የማገገሚያ ሥራ ዳርቻው ጸድቶ፣ መንገድ ወጥቶለት፣ በ2003 ዓለም አቀፍ የወንዝ ሽልማት አገኘ። ልጆች ለኤሊዎቹ ዳቦ እንዳይወረውሩላቸው ከልክሉ፤ አይጠቅማቸውም።

ወንዙ ዳር ስትሄዱ መሪው ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ ልጁ ነው የሚያነበው፣ የሚያስረዳው፣ በስልኩ መንገድ የሚያወጣው። እዚህ ግን አያት ናቸው የሚያውቁት። ጉሎ በወንዙ ዳር በብዛት በቅሏል። አያቶቻችን ገና ከሩቅ ቅጠሉን አይተው ያውቁታል፤ ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበትን ዘመን ያወራሉ፤ ወዲያውም ልጁ ፍሬውን አፉ ውስጥ እንዳይከት ይቆጣሉ፤ መርዝ መሆኑን ያውቃሉና። በየካቲትና በመጋቢት ሜዳው በሰናፍጭ ቢጫ ይሆናል። ቁርቁራ አለ፤ ፍሬው ሲበስል ይበላል። ሾላ አለ፤ ነታኒያ ውስጥ ራሱ ጥንታዊ የሾላ ዛፍ ቆሟል። ነቢዩ አሞጽ የሾላ ፍሬ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ፍሬው እንዲበስል በቢላ ጫር ማድረግ ያስፈልገው ነበር። ይህን ከመጽሐፍ የሚያውቅ ልጅ አለ፤ ሾላውን ወጥቶ የበላ ሽማግሌ አለ፤ ሁለቱ በአንድ ዛፍ ሥር ይገናኙ።

በመስከረምና በኅዳር መካከል ደግሞ ቀና በሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ፔሊካኖች ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ሲወርዱ በዚህ ሸለቆ ያርፋሉ፤ በምሽማር ሃሻሮን ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ እነሱን ለማየት የታወቀ ቦታ ነው። ከሰዎች የዓሣ ኩሬ እንዲርቁ ተብሎ በማጠራቀሚያው ዓሣ ይደረግላቸዋል። ሽመላዎችም ወደ አፍሪካ ሲወርዱ የአገሪቱን ሰማይ ያቋርጣሉ። ስለ ሽመላ ለእናንተ ምን እነግራችኋለሁ? በየመንደራችን የነበሩ ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት እየዘፈኑ ይጠይቁ ነበር። ያኔ ሽመላውን የጠየቀችው ልጅ ዛሬ አያት ሆና እዚሁ አለች። የልጅ ልጇ ሰማዩን እያየ ያን ዘፈን ከአፏ መስማት ይገባዋል፤ ዘፈኑን ከመድረክ መስማት ያንን አይተካም።

ስለ ጤናና ስለ ደኅንነት ባጭሩ። በሐምሌና በነሐሴ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ ሕፃንና አዛውንት ይዛችሁ አትውጡ፤ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከምሥራቅ ደረቅ ነፋስ የሚነፍስበት ቀንም እንዲሁ። ውኃ ከምትገምቱት በላይ ያዙ። ነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ዳርቻ ማንም አይግባ፤ ባሕሩ ጸጥ ያለ ቢመስልም ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት አለው፤ ዋና የሚችለውን ጎረምሳም ይወስዳል። አካሄዱን በአያት እግር ለኩ እንጂ በጎረምሳው አይደለም። አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ተቀምጦ ዳቦ ቆርሶ መመለስ ሙሉ ጉዞ ነው።

ቀኑ መቼ ይሁን ለምትሉ። ሰንበትን የምትጠብቁ ቤተሰቦች በከተማው ውስጥ ያለው የባሕር ዳር መንገድ ለሰንበት ከሰዓት በኋላ ይሆናችኋል፤ ሊፍቱን የማትጠቀሙ ላዩ መንገድ ይበቃችኋል፤ ጋሪ ስለመግፋት የሚያሳስባችሁ ቄሶቻችሁንና ረቢዎቻችሁን ጠይቁ። ለወንዙና ለሜዳው ዓርብ ጠዋት ይሻላል። ለሁሉም የሚመቸው ግን የፋሲካና የሱኮት የመካከል ቀናት ናቸው፤ ትምህርት የለም፣ አውቶቡስ አለ፣ አየሩም ለስላሳ ነው። በእነዚያ ቀናት አገሩ ሁሉ ለቲዩል ሲወጣ የእኛ ሰፈር ልጆች በሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጠው የሚውሉበት ምክንያት የለም።

የማትናስ ኃላፊዎችና መምህራን ሆይ፤ ለእናንተ ልመናዬ ለየት ይላል። ለአረጋውያን ፕሮግራም አላችሁ፤ ለልጆችም አላችሁ። አዛውንቱ ጠዋት በአንድ ክፍል ጂምናስቲክ ይሠራሉ፣ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ በሌላ ክፍል የቤት ሥራ ይሠራሉ፤ አይተያዩም። ሁለቱን አንድ ላይ አውጧቸው። መኪና የሌለው ቤተሰብ ወደ አሌክሳንደር ወንዝ በራሱ መድረስ ያዳግተዋልና በወር አንድ ጊዜ አውቶቡስ ብትይዙ ብዙ ትሠራላችሁ። መሪ ስትቀጥሩም ስለ እኛ ተክልና ወፍ የሚነግረን ከውጭ አምጡ አልልም፤ እረኛ የነበሩ፣ ገበሬ የነበሩ፣ መድኃኒት ቅጠል የሚለዩ ሰዎች በየፎቁ ተቀምጠዋል። አንድ ወጣት አስተርጓሚ ከጎናቸው አቁማችሁ ምሩን በሏቸው። ለሠሩበትም ክፈሏቸው፤ ዕውቀታቸው ሥራ ነው።

ለስግድ መሰናዶም ይህን አስቡበት። ከ2008 ወዲህ ስግድ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ነው፤ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ስለ በዓሉ በክፍል ያስተምራሉ። ስግድ ግን ወደ ከፍታ በእግር የሚወጣበት በዓል ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት አንድ የትምህርት ክፍል ከአያቶች ጋር በባሕሩ ገደል ዳር ቢሄድና፣ አያቶቹ ወደ ተራራው ሲወጡ ምን ይሸከሙ እንደነበር፣ ማን ከፊት እንደሚሄድ፣ ጾሙ የት እንደሚፈታ እየሄዱ ቢነግሯቸው ልጆቹ የሚይዙት ይበልጣል።

እኔ በበኩሌ ሌላው እስኪጀምር አልጠብቅም። ሱኮት ባለፈ በመጀመሪያው ዓርብ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት፣ ኪካር ሃአጽማኡት ከባሕሩ በሚዋሰንበት በኩል እገኛለሁ። ከዚያ ወደ ሲሮኒት በቀስታ እንሄዳለን፤ በሊፍቱ ወርደን አሸዋው ላይ እንቀመጣለን፤ ቡና በፔርሙስ አመጣለሁ፣ ዳቦና ቆሎ የሚይዝ ይያዝ። ኮፍያና ውኃ አትርሱ። ብቻችሁን ለምትኖሩ አዛውንት ጎረቤት ይቀስቅሳችሁ፤ ልጅ ለሌላቸውም የሰው ልጅ እናካፍላቸዋለን። ቢዘንብ በቀጣዩ ዓርብ በዚያው ሰዓት ነው። የሚመጣው ሰው ከበዛ ሁለተኛውን ጉዞ በጥቅምት መጨረሻ ፔሊካኖቹን ለማየት ወደ ምሽማር ሃሻሮን እናደርጋለን፤ መኪና ያላችሁ ባዶ ወንበራችሁን ቆጥራችሁ ኑ።

አክባሪያችሁ፣
ከነታኒያ